አብሮ መብሰል፦ ጽዋ ማኅበር፣ የቤት ኅብረትና የገፈርሳ ዙሪያ ምእመናን

ስለ መንፈሳዊ ብስለት በዐውደ ምሕረትም ሆነ በአዳራሽ ሲሰበክ፣ ምእመኑ ይዞት የሚወጣው ምክር ብዙ ጊዜ ለራሱ ብቻ የሚሆን ነው፦ ጸልይ፣ ጹም፣ መጽሐፍ አንብብ፣ ከኃጢአት ራቅ። ምክሩ እውነት ነው። ጉድለቱ ብስለትን አንድ ሰው ከአምላኩ ጋር ብቻውን የሚጨርሰው ጉዳይ ማስመሰሉ ላይ ነው። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው ክርስቲያናዊ ብስለት የሚገኘውም የሚፈተነውም በጥቂት ሰዎች መካከል ነው ብሎ ነው፤ የምእመኑን ስም በሚያውቁ፣ ሲቀር መቅረቱን በሚያስተውሉ፣ ሲያጠፋ በሚገሥጹ፣ ሲወድቅ በሚያነሡ ሰዎች መካከል። የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ለዚህ የሚሆን የዳበረ የራሳቸው ልምድ አላቸው። ልምዱ ዛሬ አብዝቶ የሚያስፈልገው ደግሞ እንደ ገፈርሳ ባሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ገና ባልተላመደባቸው የአዲስ አበባ ዙሪያ ሰፈሮች ነው።

የሐዋርያው ቅደም ተከተል

ለብስለት ትምህርት ዘወትር የሚጠቀሰው የኤፌሶን መልእክት አራተኛ ምዕራፍ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በዚያ ስለ ሐዋርያት፣ ስለ ነቢያት፣ ስለ ወንጌላውያን፣ ስለ እረኞችና መምህራን ሲናገር፣ እነዚህ የተሰጡት ምእመናን ለአገልግሎት እንዲዘጋጁና የክርስቶስ አካል እንዲታነጽ መሆኑን ያስረዳል። በዚያ ክፍል የሚያድገው አካሉ ነው። ብልት ለብቻው ተነጥሎ አያድግም፤ በጅማት ከሌላው ጋር ተያይዞ፣ የድርሻውን እየሠራ ነው የሚጎለምሰው። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም በአምስተኛው ምዕራፍ፣ አስተማሪ ሊሆኑ የሚገባቸው ሰዎች ገና ወተት ፈላጊ ሆነው መቅረታቸውን ሲገሥጽ የሚወቅሰው አንድን ሰነፍ ምእመን ሳይሆን ጉባኤውን ነው።

ብዙ ሰባክያን ሳያስተውሉት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ ምዕራፍ 4 የሚመጣው ከምዕራፍ 2 በኋላ ነው። ጳውሎስ ስለ እድገት ከመናገሩ በፊት፣ አይሁድንና አሕዛብን የለየው የጥል ግድግዳ በመስቀሉ መፍረሱን፣ ሁለቱም አንድ ሕዝብ መሆናቸውን ይናገራል። ስለዚህ በእርሱ ትምህርት መታረቅ ለበሰሉ ሰዎች ብቻ የሚተው የመጨረሻ ደረጃ አይደለም፤ ብስለት የሚነሣው ከዚያ ነው። ከዚህ የሚከተለው ከባድ ፍርድ ነው። ከማይመስሉት ጋር በአንድ ማዕድ ያልተቀመጠ ጉባኤ፣ ዝማሬው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ስብከቱ የቱንም ያህል ቢጠልቅ፣ ገና መጀመሪያው ላይ ነው።

ከገዳም የተወረሰ ጥበብ

ታላቁ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመነኮሳት ሥርዓት ሲሠራ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው የትሕትናን ትእዛዝ የሚፈጽምበት ወንድም እንደሚያጣ አጥብቆ ተከራክሯል። እግር የማጠብን ትእዛዝ ለመፈጸም የሚታጠብ እግር ያስፈልጋል። የእኛም ገዳማት ይህን ያውቁታል። የአንድነት ገዳም የሚባለው ንብረቱ፣ ሥራውና ማዕዱ የጋራ የሆነበት ነው፤ በቁሪት ገዳም ግን መነኩሴው ጓዳውንም ኑሮውንም ለብቻው ይይዛል። ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን የታወቁ ናቸው። ሆኖም ወጣኒው ረድእ ሆኖ የሚያገለግልበት፣ በታላላቆቹ ፊት ጠባዩ የሚታይበትና የሚታረምበት የአንድነቱ ሥርዓት፣ ለብዙ ትውልድ የመንፈሳዊ አስተዳደግ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ደግሞ ጉባኤ እንደ ጉባኤ የበሰለበት አንድ ታላቅ ምዕራፍ አለ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜንና እሑድን በእኩል ስለ ማክበር በያዙት አቋም ምክንያት ከመቶ ዓመት በላይ ከሌላው ካህንና መነኩሴ ተለይተው ኖሩ፤ ከግብፅ ከሚመጡት ጳጳሳትም ክህነት አይቀበሉም ነበር። በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል የሰንበታቱን መከበር ተቀበሉ፤ ኤዎስጣቴዎሳውያኑም ክህነትን ከጳጳሳቱ እጅ ለመቀበል ተስማሙ። የንጉሡ ሥልጣን በነገሩ ውስጥ እንደነበረበት አይካድም። ያም ሆኖ ሁለቱም ወገኖች የያዙትን ይዘው መለያየት ይችሉ ነበር። አልተለያዩም። በግል ቅድስናቸው የታወቁ አባቶች በሁለቱም በኩል ነበሩ፤ ለመቶ ዓመት የጎደለው የእነርሱ ቅድስና ሳይሆን አብሮ የመቀመጥ ብስለት ነበር።

የወር ተራ

ይህ የገዳም ጥበብ ወደ ምእመኑ ቤት የገባው በጽዋ ማኅበር በኩል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሚካኤል በ12፣ በማርያም በ21፣ በመድኃኔ ዓለም በ27 ወይም በሌላ የቅዱስ መታሰቢያ ቀን ማኅበርተኞች በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ተረኛዋ ዳቦውን ጋግራ፣ ጠላውን ጠምቃ ትጠብቃለች። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ሙሴ የተባለው የማኅበሩ መሪ ሥርዓቱን ይቆጣጠራል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይተላለፋል። ሰንበቴውም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር በየሰንበቱ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ነዳያንም ከዚያ ይበላሉ።

ከሥነ መለኮት አንጻር ሲታይ እዚህ ያለው ከምግብና ከመጠጥ እጅግ ይበልጣል። ተራው ሀብታሙንም ድኻውንም ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ባለ ቪላው በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት መደብ ላይ የሚቀመጥበት ቀን ይመጣል። የቀረ ሰው ለምን እንደ ቀረ ይጠየቃል፤ የታመመ ይጎበኛል፤ ያዘነ አይተውም። የተኳረፉ ማኅበርተኞች ካሉ ሙሴውና ካህኑ ጣልቃ ይገባሉ፤ ተቀያይሞ ጽዋ መቅመስ ነውር ነውና። ቂም ሳይውል ሳያድር የሚፈታበት፣ በየወሩ የሚመለስ እንዲህ ያለ ቀጠሮ በሌላ በየትኛው የቤተ ክርስቲያን መዋቅር አለ? በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ምእመኑን በመመዝገብና አጥቢያውን በማስተዳደር ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር ምእመን ባለበት አጥቢያ ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ በመዝገብ አይታወቅም።

ድክመቱም መነገር አለበት። በብዙ ማኅበራት ቃለ እግዚአብሔሩ አጥሮ ድግሱ ረዝሟል። ካህኑ ዳቦውን ባርከው ይሄዳሉ፤ ጥያቄ ያለው ሰው ጥያቄውን እንደ ያዘ ይቀራል። ጠላው በለስላሳ፣ ዳቦው በሙክት ሲተካ አቅም የሌለው አፍሮ ከማኅበሩ ይወጣል። ያኔ የድኻውን ቤት ያከበረው ሥርዓት ድኻውን አስወጪ ይሆናል። አንዳንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ወጪውን በቆሎና በዳቦ ወስነው፣ ትርፉን ጊዜ ለመጽሐፍ ንባብና ለጥያቄ የሚያውሉበት መንገድ ትክክለኛው እርማት ይመስለኛል።

አዳራሹ ሲዘጋ

ከወንጌላውያኑ ወገን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለዚህ ክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው። በሜኖናይት ሚሲዮን አገልግሎት የተጀመረችው ይህች ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታስረው ከአራት ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ወድቆ አዳራሾቿ እንደገና ሲከፈቱ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር።

ስለ ቁጥሩ ብዙ ተነግሯል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩን ያስገኘው አኗኗር ነው። መድረክ፣ የድምፅ ማጉያና ኮንፈረንስ ሲቀሩ የቀሩት ሰዎች ነበሩ። ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ ተሰበሰቡ፤ ቡድኑ ሲበዛ ተከፈለ፤ ትናንት ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ የሚሰማው ዛሬ ለአምስት ሰው ቃሉን ማካፈል ግድ ሆነበት። በአዳራሹ ዘመን መድረክ ያልተሰጣቸው ሴቶች ቤታቸውን ከፈቱ፣ ጸሎት መሩ፣ አዲስ አማኞችን አሳደጉ። መታመንም በቃል ብቻ የሚነገር አልነበረም፤ አንድ ሰው ምስጢር ባያወጣ የሚድነው፣ ቢያወጣ የሚታሰረው አጠገቡ የተቀመጠው ወንድሙ ነበር። በኤፌሶን የተጻፈው የእያንዳንዱ ብልት ሥራ በእነዚህ ቤቶች የዕለት ኑሮ ሆነ።

ናዚዎች በ1937 እ.ኤ.አ. የዘጉት በፊንከንቫልደ የነበረ ትንሽ የካህናት ማሠልጠኛም ተመሳሳይ ፍሬ አፍርቶ ነበር፤ መሪው ዲትሪሽ ቦንሆፈር ስለ አብሮ መኖር የጻፈው መጽሐፍ የተወለደው ከዚያ ኑሮ ነው። ነገር ግን ስደት ብቻውን ማንንም አያበስልም፤ በስደት ያፈገፈጉም ብዙዎች ናቸው። የረዳው ስደቱ ያስገደደው የጉባኤ መጠን ነው። ለዚህም ማረጋገጫው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የሆነው ነው። ነጻነት መጣ፤ አዳራሹ ሰፋ፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የቤት ኅብረቱ ለፈለገ ሰው የተተወ የሳምንት መርሐ ግብር ሆነ። ምእመኑ ወደ መድረኩ ፊቱን መለሰ፤ ከመድረኩም ተአምርና ትንቢት የሚቸረችሩ ሰዎች መጡ። ስሙን የሚያውቅ ሽማግሌና ጥያቄውን የሚሰማ ኅብረት ያለው ሰው ለእንዲህ ያለው ነጋዴ በቀላሉ አይገብርም ነበር።

ሁለቱን ልምዶች ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት በትምህርተ ሃይማኖት ያላቸውን ልዩነት ለማቅለል አይደለም፤ ልዩነቱ እውነተኛ ነው። የጽዋ ማኅበሩ ዘመን ተሻጋሪነት፣ ሥርዓትና ለድኻ ያለው ቦታ ለቤት ኅብረቱ ይጎድለዋል፤ የቤት ኅብረቱ የቃል ጥናትና እያንዳንዱን አባል አገልጋይ የማድረግ ልማድ ደግሞ ለጽዋ ማኅበሩ። አንዱ ከሌላው ቢማር የሚያፍር ማንም የለም።

ገፈርሳ

ገፈርሳ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ከቡራዩ ጋር የተያያዘች ናት። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ግድብ ለዋና ከተማዋ የመጠጥ ውኃ ሲያቀርብ ኖሯል። ዛሬ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ዙሪያ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ቤት ኪራይ የገፋው ከአዲስ አበባ፣ ሥራ የሚፈልገው ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ ከነባሩ የኦሮሞ ገበሬ ጎን ሰፍሯል። ብዙው ሰው ጎሕ ሳይቀድ ታክሲ ተሳፍሮ ይወጣል፤ ሲመሽ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. በእነዚህ ከተሞች በርካታ ቤቶች ሲፈርሱ ደግሞ ማኅበርተኛው ተበታተነ፤ ተራ የያዘው ሰው ከነጽዋው ሌላ ሰፈር ገባ።

አጥቢያዎቹ ግን በእሑድ ይሞላሉ። ለዓመታት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አስቀድሶ፣ ወይም በአንድ አዳራሽ ዘምሮ፣ ከጎኑ የቆመውን ሰው ስም የማያውቅ ምእመን ብዙ ነው። ተከራይ ቤት ሲቀይር ይጠፋል፤ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም።

በዚህ ላይ የጥሉ ግድግዳ አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመው ጥቃት ሰዎች ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ቤታቸውን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ሸሹ። ከተጎዱት ብዙዎቹ በሽመና የሚተዳደሩ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ወጡ፤ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። የሽማግሌዎቹ ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን በፊት የነበረ የሕዝቡ ሥርዓት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ግን ትምህርት አለው። እነዚያ አባቶች ሊሰሙ የቻሉት በዚያ ቀን በተናገሩት ቃል ብቻ አይደለም። ወጣቶቹ የሚያውቋቸው፣ በሠርጉም በለቅሶውም አብረዋቸው የተቀመጡ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። በየአጥቢያችን እንዲህ ሊንበረከክና ሊሰማ የሚችል ማን ነው?

የቋንቋውም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም በአንዳንድ የዙሪያ ከተሞች አጥቢያ ያለ ኦሮምኛ ተናጋሪ በራሱ ቋንቋ ንስሐ የሚሰጠው አባት ወይም የሚያስተምረው መምህር ሲያጣ ማየት ያሳዝናል። ለየቋንቋው አገልግሎት መስጠት ግዴታ ነው፤ ዳሩ ግን ሁለቱ ጉባኤዎች ተለያይተው ብቻ ከቀሩ ምዕራፍ 2 ተረስቶ ምዕራፍ 4 ተነበበ ማለት ነው። ትምህርቱ በሁለት ቋንቋ ቢሰጥም ማዕዱ አንድ መሆን ይችላል፤ ጽዋ ለመቀባበል ብዙ ሰዋስው አያስፈልግም።

በገፈርሳ፣ በሰበታና በሱሉልታ ለምታገለግሉ ካህናት፣ መጋቢዎችና የሰበካ ጉባኤ አባላት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። አዲስ የመጣ ምእመን ስሙ በመዝገብ በሰፈረበት ሳምንት፣ በእግሩ ደርሶ ሊመለስ በሚችለው ርቀት ካለ ማኅበር ወይም የቤት ኅብረት ጋር አገናኙት። ማኅበሩ በአገር ልጅነት ብቻ የተሰበሰበ እንዳይሆን ነባሩንና መጤውን፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውንና አማርኛ ተናጋሪውን አቀላቅሉ። ድግሱን ወስኑ፤ ለቃሉና ለጥያቄ ጊዜ ስጡ። ቤት ቀይሮ የሄደውንም ወደ ሄደበት ሰፈር አጥቢያ ስሙን ጽፋችሁ በእጁ ላኩት። ለአዲስ ሕንፃ ገንዘብ ከማሰባሰባችሁ በፊት ይህን ጀምሩ።