ክሪኬት በደባርቅ ልጅ መደርደሪያ ላይ

ሊድስ ውስጥ ሄዲንግሊ አካባቢ የሚኖር ሰው ክሪኬትን ችላ ልበል ቢል አይሆንለትም። ስታዲየሙ ከ1890 ጀምሮ እዚያው ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጨዋታ ባለ ቀን አውቶቡሱ ይጨናነቃል፤ ሽማግሌዎች ምሳቸውን በቦርሳ፣ ጃንጥላቸውን በብብት ይዘው ወደ ሜዳው ይጎርፋሉ። ጃንጥላው ለፀሐይ አይደለም። ደባርቅ ያደገ ሰው ብርድ አይበግረውም ይባላል፤ የእኛ የጥቅምት ብርድ ግን ደረቅ ነው፣ የሊድሱ እርጥብ ሆኖ አጥንት ውስጥ ይገባል። ቲኬቱም ውድ ነው። ስለዚህ እኔን ክሪኬት የያዘኝ ከሜዳ ሳይሆን ከመጽሐፍ ነው።

ጥፋቱ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ወላጆቹ ከፓኪስታን፣ ከሚርፑር የመጡ ናቸው። መጋዘን ውስጥ አብረን ስንሠራ በምሳ ሰዓት የጨዋታውን ሕግ በሹካና በጨው ዕቃ ሊያስረዳኝ ይሞክር ነበር። እኔ እንደማይገባኝ ሲያይ «በቃ አንብብ» አለኝ። ለበጎ አድራጎት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንዱ ገብቼ አንድ ወፍራም ቢጫ መጽሐፍ በሳንቲም ገዛሁ።

ያ መጽሐፍ «ዊዝደን» ነው፤ በየዓመቱ የሚወጣ የክሪኬት መዝገብ። ጆን ዊዝደን የሚባል ኳስ ወርዋሪ በ1864 ጀመረው። ከዚያ ወዲህ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አልፈውበት እንኳ አንድ ዓመት አልዘለለም። የመጀመሪያው እትም 112 ገጽ ነበር፤ ለዚያውም ስለ ክሪኬት የሚጻፈው አልሞላ ስላላቸው የእንግሊዝን የእርስ በርስ ጦርነት ውጊያዎች ቀንና የመርከብ ቦዮችን ርዝመት ጨምረውበታል። የዛሬው ከ1,500 ገጽ ያልፋል።

ውስጡ ያለው በአብዛኛው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ መስመር አለው፦ ስሙ፣ ማን ወርውሮበት ማን ቀልቦ እንዳስወጣው፣ ስንት ነጥብ እንዳመጣ። ምንም ያላመጣው ዜሮው ተጽፎለት ይኖራል። በኦገስት 25 ቀን 2019 እዚሁ ሄዲንግሊ ላይ እንግሊዝ አውስትራሊያን ስታሸንፍ ቤን ስቶክስ 135 ነጥብ አመጣ፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው የእሱን ነው። መዝገቡን የገለጠ ግን ከሥሩ ጃክ ሊች የሚል ስም ያገኛል፦ 17 ኳስ ተወርውሮበት 1 ነጥብ። መነጽሩን በየመሀሉ እየወለወለ፣ ከኋላው ያሉትን ሦስት እንጨቶች ሳያስነካ አንድ ሰዓት ቆመ። የመጨረሻዎቹ 76 ነጥቦች የመጡት እሱ ስለቆመ ነው። ለእኔ ከስቶክስ 135 ይልቅ የሊች 1 ትበልጥብኛለች፤ የጻፋት ሰው ባይኖር ማን ያውቃት ነበር?

የአገሬ ልጆች ቤቴ ሲመጡ መደርደሪያውን አይተው ይስቃሉ። «አምስት ቀን ተጫውተው እኩል የሚወጡት እነዚህ ናቸው?» ይሉኛል። አዎ፣ እነዚህ ናቸው። ሙሉው ጨዋታ አምስት ቀን ይፈጃል፣ ሻይ ይጠጣበታል፣ ዝናብ ያቋርጠዋል፣ አንዳንዴም ማንም ሳያሸንፍ ያልቃል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ወሬ ይወልዳል፤ ወሬው ደግሞ መጽሐፍ።

ዮርክሸርን ለመረዳትም ብዙ አልተቸገርኩም። የዚህ አውራጃ ቡድን እዚሁ ያልተወለደን ሰው አላሰልፍም ብሎ እስከ 1992 ድረስ ቆየ። ያኔ ከውጭ አገር መጥቶ የመጀመሪያው የሆነው የ19 ዓመቱ ሕንዳዊ ሳቺን ቴንዱልካር ነበር። «አንተ ከወገራ ነህ ከስሜን?» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዳ የሆነብኝ ሌላው ነው። እንግሊዞች በአንድ ቡድን ውስጥ የሚጫወቱትን እንኳ በሁለት ከፍለዋቸው ነበር፦ ለክብሩ ብቻ የሚጫወተው ባለ ንብረትና ደሞዝ የሚከፈለው ሠራተኛ። ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ለየብቻ ነበር፤ በብዙ ሜዳ ሲገቡም በተለያየ በር ነው። የጌታው ስም ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ይቀድማሉ፤ የደሞዝተኛው ሲሆን ከኋላ ይከተላሉ። አንድ ጊዜ ለንደን በሎርድስ ሜዳ ፍሬድ ቲትመስ የተባለው ወጣት ደሞዝተኛ ስሙ በጌታ ደንብ ታትሞ ተገኘና በድምፅ ማጉያ እርማት ተነገረለት፤ ፊደላቱ ወደ ኋላ ይዙሩ ተብሎ። ይህ ሥርዓት የተሻረው በ1962 ነው።

ያን ሳነብ ትዝ ያለኝ የገና ጨዋታችን ነው። ከደባርቅ እስከ ዳባት ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ሲለቀቅ፣ ሁለት ወገን ሆነው ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩሯን ሲለጉ፣ የዚያን ቀን ጌታም ሎሌም አንድ ነው። ሎሌው ጌታውን ቅልጥሙን ቢለው ጌታው አይቆጣም፤ ይህን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። እንግሊዝ እስከ 1962 ያልደረሰበትን እኛ ለአንድ ቀንም ቢሆን ደርሰንበት ነበር። ግን የትኛው ሎሌ፣ የትኛውን ጌታ፣ በየትኛው ዓመት? አንድ የተጻፈ መስመር እጄ አልገባም።

የእንግሊዝን የጌታና የሎሌ ክሪኬት ከሥሩ ገልብጦ ያሳየው ከትሪኒዳድ የመጣ ጥቁር ሰው ነው፤ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ። «ቢዮንድ ኤ ባውንደሪ» የተባለው መጽሐፉ በ1963 ወጣ። ጄምስ በ1932 ወደ እንግሊዝ ሲመጣ የተቀበለው ወዳጁ ሊሪ ኮንስታንታይን ነው፤ ከሊድስ ብዙ በማትርቀው በኔልሰን ከተማ ለደሞዝ የሚጫወት የዘመኑ ዝነኛ። ጄምስ ለማንችስተር ጋርዲያን ጋዜጣ ክሪኬት ይዘግብ ነበር። መጽሐፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ በቅኝ ግዛት ያለ ሕዝብ ሌላ ቦታ መናገር የተከለከለውን በክሪኬት ሜዳ ይናገር ነበር፣ የዌስት ኢንዲስ ቡድን መሪ ሁልጊዜ ነጭ መሆኑም የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ጄምስ በሚያዘጋጀው ጋዜጣ ሲሟገትለት የቆየው ፍራንክ ዎረል በ1960 የቡድኑ ቋሚ መሪ ሆነ።

ይህ ሰው የእኛም ባለውለታ ነው። ሞሶሎኒ ሊወረን ሲነሳ፣ በ1935፣ ለንደን ውስጥ የአቢሲኒያ አፍሪካውያን ወዳጆች የተባለውን ማኅበር በሊቀ መንበርነት መራ። ያም አልበቃው ብሎ ለኢትዮጵያ ልዝመት ሲል ወደ ሌጋሲዮናችን ሄደ። እዚህ ብትሠራልን ይሻላል ብለው የመለሱት ሚኒስትራችን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ የጎንደር ተወላጅ፣ በ1868 በሕፃንነታቸው የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ይዟቸው ወጥቶ ሕንድ ያደጉ። የክሪኬት ጸሐፊና የጎንደር ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ መምከራቸውን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ መቀመጥ ነበረብኝ።

ከመቅደላ የተወሰደ ሌላም ልጅ አለ፤ እሱ የእኛው የስሜን ነው ማለት ይቻላል። የልዑል ዓለማየሁ እናት እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በጃናሞራዋ ደረስጌ ማርያም፣ በ1855 ድል ያደረጓቸው ቴዎድሮስ ነገሡባት። የልጅ ልጃቸው ደግሞ እንግሊዝ ገብቶ ራግቢ በተባለው ትምህርት ቤት ተማረ። የዚያን ትምህርት ቤት ኑሮ ለማወቅ የፈለገ ቶማስ ሂዩዝ በ1857 ያሳተመውን «ቶም ብራውንስ ስኩል ዴይስ» ያንብብ። የታሪኩ መዝጊያ አካባቢ ትልቁ ትዕይንት የክሪኬት ግጥሚያ ነው፤ ተማሪዎቹ ከለንደን ከመጣ ቡድን ጋር የሚያደርጉት። ዓለማየሁ ከራግቢ በኋላ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ሄደ፤ አልሆነለትም። ከዚያም መምህሩ ሲሪል ራንሰም ወደሚኖርበት ወደ ሊድስ መጣና በኖቬምበር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ እዚሁ ሄዲንግሊ ሞተ። ዛሬ የክሪኬት ተመልካች የሚጎርፍበት ሰፈር ማለት ነው። አጽሙ ዊንድሰር ነው፤ እስካሁን አልተመለሰም። አንድሩ ሄቨንስ በ2023 ስለ እሱና ስለ መቅደላው ዘረፋ የጻፈውን መጽሐፍ ከክሪኬቶቹ አጠገብ ነው ያስቀመጥኩት።

በመደርደሪያዬ ካሉት የሕንዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ራማቻንድራ ጉሃ የ2002 ሥራ ሌላ ነገር አስተማረኝ። ከዓድዋ በኋላ ባለው ዓመት፣ በ1897፣ ሁለት ሕንዳውያን የክሪኬት መጽሐፍ አሳተሙ። አንዱ ራንጂትሲንጂ ነው፤ ለእንግሊዝ የተሰለፈ መስፍን፣ መጽሐፉን ለንግሥት ቪክቶሪያ ኢዮቤልዩ ያደረገ። ሁለተኛው ሻፑርጂ ሶራብጂ የተባለ የቦምቤይ ፓርሲ ነው። እሱ የጻፈው ስለ አቤቱታ ነው፦ የእንግሊዝ መኮንኖች በፈረስ ፖሎ እየተጫወቱ የአገሬው ልጆች ክሪኬት የሚጫወቱበትን ሣር እንዴት እንዳበላሹት፣ ስንት ማመልከቻ እንደተጻፈ፣ ማን ምን ብሎ እንደመለሰ። ለእኔ ትልቁ መጽሐፍ የሶራብጂ ነው። ክሪኬት ሕንድ የገባው በወታደርና በነጋዴ ነው፤ የሕንዶች የሆነው ግን ስለ ራሳቸው ሜዳ ራሳቸው መጻፍ ሲጀምሩ ይመስለኛል።

እኛ ውጭ ያለነው ጨዋታ መትከል አያቅተንም። በሰሜን አሜሪካ የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ሰው ይሰበስባል። የእግር ኳሱም ነገር ቢሆን እንደ ፍቅሩ ኪዳኔ «የፒያሳ ልጅ» ያለ መጽሐፍ አግኝቷል። የገና ጨዋታ ግን ባለቤት የለውም።

ስለዚህ ደባርቅና ዳባት ላላችሁ መምህራን፣ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ለምትማሩ ልጆች ልመና አለኝ። በዚህ ገና አንድ ደብተር ይዛችሁ ወደ አያቶቻችሁ ሂዱ። የትኛው መንደር ከየትኛው ይገጥም እንደነበር፣ ዱላው ከምን ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ ማን እንደሚለጋ፣ ማን እንደሚመልስ፣ ጌታቸውን ቅልጥሙን ያሉት ሰውዬ ስማቸው ማን እንደነበር ጠይቁ፤ እንደነገሯችሁ ጻፉ። ማሳተሚያውን እዚህ ያለነው የአካባቢው ልጆች እናዋጣለን።