በቀለበት ፈርጥ ላይ የተጻፈ የሐሰት ስም

ዛሬ የምናወጋው ስለ ቀለበት ነው። «የቀለበት ወሬ ለፊደል ተማሪ ምን ይረባዋል?» ትሉ ይሆናል። ቆዩማ፣ ነገሩ ከማንበብና ከመጻፍ ጋር የተያያዘ ነው።

መጻፍ ያልተማረ ሰው በአውራ ጣቱ አሻራ ይፈርማል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ደግሞ በቀለበታቸው ያትሙ ነበር። በቀለበቱ ፈርጥ፣ ማለትም በከበረው ድንጋይ ላይ፣ የሰው ወይም የአማልክት ምስል ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ ይቀረጻል። ፈርጡን በሰም ወይም በጭቃ ላይ ሲጫኑት ምስሉ ጎልቶ ይወጣል። ይኸውም የባለቤቱ ማኅተም ነው። ስመ ጥር ቀራጮችም አልፎ አልፎ የራሳቸውን ስም በደቃቅ ፊደል ይጽፉበት ነበር።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ባለጸጎች እነዚህን የጥንት ፈርጦች ለመሰብሰብ ይሽቀዳደሙ ጀመር። የቀራጩ ስም ያለበትማ ዋጋው አይቀመስም። ታዲያ ፈላጊው ሲበዛና ዕቃው ሲያንስ ምን ይመጣል? አስመሳይ ይመጣል።

የመጨረሻው የፖላንድ ንጉሥ የወንድም ልጅ የነበረው ልዑል ስታኒስላቭ ፖኒያቶቭስኪ፣ ጣሊያን አገር ተቀምጦ ከ2 ሺህ 500 የሚበልጡ ፈርጦች ሰብስቦ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1833 ሞተ። ስብስቡም በ1839 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ። ጆን ቲረል የሚባል እንግሊዛዊ ከ1 ሺህ የሚበልጡትን ገዛ። በብዙዎቹ ላይ እንደ ፒርጎቴሌስና ዲዮስኮሪዴስ ያሉ የጥንት ቀራጮች ስም በግሪክ ፊደል ተጽፎባቸዋል። ፒርጎቴሌስ በታላቁ እስክንድር ዘመን፣ ዲዮስኮሪዴስ በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የነበሩ ናቸው። በመካከላቸው 300 ዓመት ያህል አለ።

ዳሩ ግን ሊቃውንት ሲመረምሩት አሠራሩ እርስ በርሱ ተመሳሰለባቸው። የ300 ዓመት ልዩነት ያላቸው ሰዎች ሥራ እንዴት እንዲህ ይመሳሰላል? አብዛኞቹን የቀረጹት በልዑሉ ዘመን የነበሩ ባለሙያዎች ኖረዋል! ቲረል «የጥንት ናቸው» ብሎ ቢሟገትም ዋጋቸው ወደቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው።

በዚያው መቶ ዘመን ሮም ውስጥ ፎርቱናቶ ፒዮ ካስቴላኒ የሚባል ወርቅ ሠሪ ነበር። በ1836 ቼርቬቴሪ አጠገብ አንድ የጥንት መቃብር ሲከፈት፣ በውስጡ የተገኘው የወርቅ ጌጥ እጅግ አስደነቀው። እርሱና ልጆቹ የጥንቱን ጥበብ ደክመው አጠኑ። መልኩን ተከትለውም ቀለበትና ሌላ ጌጥ ሠሩ። በሥራቸው ላይ ግን ሁለት የተጣመሩ የላቲን «ሲ» ፊደሎችን አተሙበት። ይህም የራሳቸው ቤት ምልክት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሁለቱም ወገኖች ከጥንት ቀድተዋል፤ ከጥንት መቅዳት ደግሞ ነውር የለበትም። ልዩነቱ በጽሑፉ ላይ ነው። አንደኛው የራሱን ምልክት አኖረ፣ በሌላው ላይ የሞተ ሰው ስም ተጻፈ። የልዑሉ ፈርጦች ዛሬ በዘመናቸው ጥበብነት ይደነቃሉ፤ አቀራረጻቸው ያማረ ነውና። ያሳሳተው በላያቸው የተጻፈው ስም ነበር።

እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ ይህን አትርሱ። የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። ውልም ሆነ ደረሰኝ ሲቀርብላችሁ በመጀመሪያ አንብቡት። ከዚያ «ማን ጻፈው? መቼ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የሚጠይቅ አንባቢ በቀላሉ አይታለልም።