ከምት በፊት ያለችው አጭር ጊዜ

በብዙዎቹ የኳስ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ለሚንቀሳቀስ ኳስ ፈጥኖ መልስ ይሰጣል እንጂ ለማሰላሰል ፋታ አያገኝም። በጎልፍ ግን ኳሱ በሣሩ ላይ ረግቶ ይጠብቃል። ተጫዋቹ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል፤ ለመጠራጠርና ለመፍራትም ያንኑ ያህል ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ከምት በፊት የሚፈጸመው የዝግጅት ሥርዓት ታሪክ፣ ይህቺ አጭር ጊዜ በምን ትሞላ የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1744 የኤዲንብራ ጎልፍ ተጫዋቾች በሌይዝ ሜዳ ለሚያደርጉት ውድድር 13 አንቀጾች ያሉት ደንብ ጻፉ። ደንቡ ኳሱ ከየት እንደሚመታ፣ ውኃ ውስጥ ቢገባ ወይም ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ይዘረዝራል። ተጫዋቹ በትሩን ከመሰንዘሩ በፊት ስለሚያደርገው ዝግጅት ግን አንድም ቃል አይናገርም። ጉዳዩ ለየግለሰቡ ልማድ የተተወ ነበር።

ይህን ልማድ መርምረው በጽሑፍ ካስተማሩት ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ አሜሪካዊው ቤን ሆገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ የቆሰለው፣ በተከታዩም ዓመት የአሜሪካ ኦፕንን ያሸነፈው ይህ ሰው፣ በ1957 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በትሩን ከኳሱ ኋላ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ የምቱ ትንሽ ልምምድ እንጂ ከንቱ መወራጨት አለመሆኑን አስረዳ። ይሁን እንጂ ማወዛወዙ ለእያንዳንዱ ምት እንዲስማማ እንጂ በደረቁ እንዳይደጋገም አስጠንቅቋል።

እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1986 ድረስ በ18 ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው ጃክ ኒክላውስ ደግሞ ሥርዓቱን ወደ አእምሮ አሻገረው። በ1974 በወጣው መጽሐፉ እንደገለጸው፣ በልምምድ ላይ እንኳ ቢሆን ምቱን አስቀድሞ በዓይነ ኅሊናው ሳያይ አይመታም ነበር። በመጀመሪያ ኳሱ የሚያርፍበትን ሥፍራ፣ ቀጥሎ በአየር ላይ የሚጓዝበትን መንገድ፣ በመጨረሻም ይህን የሚያስገኘውን የራሱን እንቅስቃሴ ይመለከታል። ከዚያም ከኳሱ ኋላ ቆሞ፣ ወደ ዒላማው በሚወስደው መሥመር ላይ ጥቂት እርምጃ ፊት ለፊት ያለች አንዲት ምልክት ይመርጥና በእርሷ ይነጣጠራል።

የስዊድኗ ፒያ ኒልሰንና አሜሪካዊቷ ሊን ማሪዮት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡን ይበልጥ ግልጽ አደረጉት። በእነርሱ አስተምህሮ ተጫዋቹ ከኳሱ ኋላ ባለው «የማሰቢያ ክልል» ርቀቱን፣ ነፋሱንና በትሩን ይወስናል። የውሳኔውን መሥመር አልፎ «የመጫወቻ ክልል» ከገባ በኋላ ግን ምክር የለም፤ ምት ብቻ ነው። ጥርጣሬ ከተነሣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መጀመር ይገባል።

ሥርዓቱ ራሱ መሰናክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ዮርክ ቤትፔጅ ሜዳ በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን፣ ስፔናዊው ሰርጂዮ ጋርሲያ ከመምታቱ በፊት በትሩን እየጨበጠ እየለቀቀ ደጋግሞ ይይዝ ስለነበር ተመልካቾች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥሩበት ጀመር። ለምቱ መንገድ ሊጠርግ የሚገባው ልማድ ምቱን የሚያዘገይ ሆኖ ነበር። ጋርሲያ ይህን ልማድ ትቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የማስተርስ ውድድርን አሸንፏል።

ደንብ አውጪዎችም በመጨረሻ ይህቺን ጊዜ ችላ አላሏትም። እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ተጫዋቹ ያለ እንቅፋት መምታት ከሚችልበት ቅጽበት ጀምሮ ከ40 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ እንዲመታ ይመክራል። ተጫዋቹ አቋቋሙን ማስተካከል ከጀመረ በኋላም በትር ተሸካሚው ሆን ብሎ ከኋላው በምቱ መሥመር ላይ እንዳይቆም ይከለክላል፤ መነጣጠር የተጫዋቹ የራሱ ችሎታ ነውና።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የሥርዓቱ ጥቅም በእንቅስቃሴው ብዛት ወይም ውበት አለመሆኑን ነው። ጥቅሙ ውሳኔን ከተግባር በመለየቱ፣ እንዲሁም በመጀመሪያው ጉድጓድና በመጨረሻው ላይ፣ በልምምድና በዋንጫ ፊት አንድ ዓይነት ሆኖ በመገኘቱ ነው። ስለሆነም ሊገነባው የሚሻ ሰው አጭርና ቅደም ተከተሉ የታወቀ ያድርገው፤ ውጤት በማያስጨንቅበት የልምምድ ሜዳም ሳያጓድል ይፈጽመው። በጭንቀት ሰዓት ሰው የሚደገፈው አስቀድሞ በለመደው ላይ ነውና።