የብራዚል ጃፓናውያን

ከጃፓን ውጭ ካሉት የጃፓን ተወላጆች ማኅበረሰቦች ትልቁ። ታሪኩ የሚጀምረው ካሳቶ ማሩ የተባለችው መርከብ 781 የኮንትራት ሠራተኞችን ከኮቤ ይዛ በ1908 እ.ኤ.አ. ሳንቶስ ወደብ ስትደርስ ነው። ባርነት በ1888 ከቀረ ወዲህ የሳኦ ፓውሎ ቡና አምራቾች የሰው ጉልበት ይሹ ነበር። ጥሪት ቋጥረው ሊመለሱ የመጡት ገበሬዎች ግን የጠበቃቸው ዕዳና አነስተኛ ደመወዝ ነው፤ ብዙዎቹ እርሻውን ጥለው ወጡ፣ ውለው አድረው የራሳቸውን መሬት ገዙ፣ ትምህርት ቤትና የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ከሁሉ የከፋው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነበር። የጃፓንኛ ጋዜጦች ታገዱ፤ በ1943 የሳንቶስ ቤተሰቦች በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤታቸው ተባረሩ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2024 ነው፤ አብዛኞቹ ተበዳዮች ሳይሰሙት አልፈዋል። በ1955 የተመሠረተው ቡንክዮ የተባለው የባህል ማኅበር በሳኦ ፓውሎ ሊበርዳዴ ሰፈር ይገኛል፤ በሕንፃውም ከ1978 ጀምሮ የስደተኞቹ ታሪክ ሙዚየም አለ።