ጣናን ማን ሲለካው ኖረ? ለምንስ?

ኮልፌ ቀራንዮ የምትኖሩ ከሆነ፣ ጣሪያችሁ ላይ የወረደው ዝናብ የት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከቦዩ ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ቀጥሎ አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ ይገባል። ዕቃ ያጠባችሁበትም ብዙውን ጊዜ አብሮ ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ ዓመት ያዙልኝ፤ 1965 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እምቦጭ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የተመዘገበው ያኔ ነው፤ ቦታውም ቆቃና አዋሽ። ጣና ላይ ታየ የተባለው ደግሞ በ2011 ነው። በመካከሉ 46 ዓመት አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ጣናን የሚያይ አልነበረም እንዴ? ነበረ እንጂ! ግን ይታይ የነበረው ሌላ ነገር ነው።

መለኪያ ይዘው ወደ ጣና የመጡት ሰዎች በአብዛኛው የፈለጉት የውኃውን መጠን ነበር። በ1920 እና በ1921 ግራብሃምና ብላክ የመሩት ቡድን ሐይቁን ያጠናው፣ ውጪያው ላይ ግድብ ቢሠራ ለታችኛው የዓባይ አገሮች ምን ያህል ውኃ ሊያጠራቅም እንደሚችል ለማወቅ ነው። የአሜሪካው የመሬት ማልሚያ ቢሮም በ1964 ያሳተመው ትልቁ የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ስለ መስኖና ኃይል ማመንጫ ነበር። ለየት ያሉም አልጠፉም። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ የጣናን ዓሦች ሰብስቦ ስም አውጥቶላቸዋል፤ በ1937 የመጣው የጣሊያን ቡድንም ሥነ ሕይወቱን ነካ አድርጎታል። ያም ሆኖ ሐይቁ ስንት ውኃ ይይዛል እንጂ፣ ጤናው እንዴት ነው ብሎ በየጊዜው የሚጠይቅ ቋሚ ሥራ ገና አልነበረም።

ለመሆኑ የሐይቅ ጤና ከየት ይጀመራል? ከዳርቻው ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ10 ሜትር አይሞላም። ወንዞቹ፣ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ አፈሩንም ማዳበሪያውንም የከተማ ፍሳሹንም መጀመሪያ የሚያራግፉት ዳር ላይ ነው። ደንገሉ ያለው እዚያ ነው፤ ጫጩት ዓሣ የሚደበቀው እዚያ ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ቆሞ ውኃ መቅዳት ብዙ አይነግራችሁም።

መሣሪያው ቀላል ነው ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። በ1865 አንጀሎ ሴኪ የሚባሉ ቄስና የሥነ ፈለክ ሰው ነጭ ሳህን በገመድ አስረው ባሕር ውስጥ አወረዱ፤ ሳህኑ ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት የውኃውን ጥራት ይናገራል። ዛሬም ይሠራበታል። ችግሩ መሣሪያው ሳይሆን፣ ያንኑ ቦታ በየወሩ፣ በየዓመቱ እየተመለሱ መለካቱ ነው። ይህ ደግሞ ዝና የለውም።

አንድ ጊዜ ግን ተደርጓል፤ ውጤቱም አስደንጋጭ ነበር። በ1990ዎቹ ከሆላንዱ ቫኽኒንኽን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ናኸልከርከና ሲቢንግ፣ አንድ ዓይነት ይመስል የነበረው የጣና ባርበስ ብዙ የተለያዩ ዝርያዎች መሆኑን አሳዩ፤ አብዛኞቹም ከጣና ሌላ የትም የሉም። ከእነዚህ ገሚሱ ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የመረብ አሣ ማስገር በ1986 ከተጀመረ ወዲህ መረቡ የሚዘረጋው ልክ እነሱ በሚሰበሰቡበት በወንዞቹ አፍ ላይ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ከ1991 ጀምሮ የያዙትን ቁጥር ከ2001ዱ ጋር ሲያስተያዩት፣ የባርበስ ብዛት ወደ 75 በመቶ ቀንሷል። ትንንሾቹማ ይባስ፤ ወደ 90 በመቶ። ሐይቁን ከጎርጎራ ወይ ከባሕር ዳር ቆማችሁ ብታዩት ምንም የተለወጠ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር ተደረበ። በ1996 የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 በሮች ተጨመሩለት። 2003 ላይ ድርቁና ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውኃ ተደምረው ሐይቁ በጣም ወረደ፤ መርከብ መሄድ አቃተው፣ የተራቆተው ዳርቻም ታረሰ። የውኃው ከፍታ በሚገባ ተመዝግቧል። ዳርቻው ውስጥ ይኖር የነበረውስ? እሱ በዚያ ልክ አልተመዘገበም። በኔ ግምት ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በ2011 እምቦጭ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ አፍ አካባቢ ሲታይ፣ ለእሱ የሚመች ለም ደለል ሲጠብቀው ኖሯል። ተክሉ በተመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ቀረ።

አሁን ከ2015 ወዲህ ሴንቲኔል የተባሉት ሳተላይቶች ዳርቻውን በየጥቂት ቀኑ ያነሱታል። የላንድሳት የቆዩ ፎቶዎችም ከ2008 ጀምሮ በነጻ ስለሚገኙ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላል። እምቦጩ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚታይ ስፋቱን ከቢሮ ሆኖ መለካት ቀላል ሆኗል። ሳተላይት ግን ባርበስ አይቆጥርም። ለእሱ አሁንም ጀልባ፣ መረብና በየክረምቱ ወደ ጉማራ አፍ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል።