ከአፈ ሙዙ የሚጐርስ ጠመንጃ አሠራር

በ18ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ፥ በፔንሲልቫኒያ ግዛት በላንካስተር አካባቢ፥ ከጀርመን አገር የፈለሱ ጠመንጃ ሠሪዎች በትንንሽ የሥራ ቤቶች ረዥም ጠመንጃ ይሠሩ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ጠፍጣፋ ብረት በእሳት አግለው፥ በዘንግ ላይ ጠቅልለው እየቀጠቀጡ ያጋጥሙታል። ቀዳዳውን ካስተካከሉ በኋላ በውስጡ ጠመዝማዛ መስመር በእጅ ይቀርጻሉ። ሰደፉም ከአገሩ እንጨት ይጠረባል።

ተኳሹ ባሩድ ጨምሮ፥ ስብ በተቀባ ጨርቅ የተጠቀለለችውን የእርሳስ ጥይት ከአፈ ሙዙ በዘንግ ይገፋታል። ጨርቁ መስመሩን ስለሚይዝ ጥይቷ እየተሽከረከረች አቅጣጫዋን ሳትስት ትሄዳለች። ነገር ግን ውስጡ ልሙጥ ከሆነው ጠመንጃ ይልቅ ለማጉረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ሳንጃም አልነበረውም። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1777 ዓ.ም. በሳራቶጋ ጦርነት የኮሎኔል ሞርጋን ተኳሾች ሳንጃ ከያዙ እግረኞች ጋራ ተሰልፈው ተዋጉ።

እንግዲህ የተኳሹ ሕይወት የተመካው ሠሪው ማንም በማያየው ቦታ በቀረጸው መስመር ላይ ነበር። እኛም ተማሪዎች ይህን ልብ ልንል ይገባናል።