ዛጎል

ዛጎል (በሮማይስጥ፦ ሞኔታሪያ ሞኔታ) በሞቃታማ ባሕሮች ዳርቻ የሚኖር ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። በአማርኛ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለእንስሳው ሳይሆን ለቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ በእስያና በአፍሪካ ለብዙ መቶ ዓመታት በገንዘብነት አገልግሏል፤ በኢትዮጵያ ግን ይበልጥ የሚታወቀው በጌጥነቱ ነው። ሳይንሳዊ ስሙን ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ሲያወጣለት የተጠቀመበት «ሞኔታ» የሚለው የሮማይስጥ ቃል ትርጉሙ ገንዘብ ነው።

የእንስሳው መልክና ባሕርይ

ቅርፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ቀለሙ ከነጭ እስከ ቢጫ ነው። ጀርባው ጉብ ያለ ሲሆን በጠፍጣፋው ሆዱ ላይ ግራና ቀኙ ጥርስ የሚመስል ጠባብ ስንጥቅ አለ። ቀንድ አውጣው በሕይወት ሳለ ከስንጥቁ በሚያወጣው ስስ ሥጋ ቅርፊቱን ከውጭ ይሸፍነዋል። ዛጎል ሳይወለወል የሚያንጸባርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ምግቡ አልጌ ነው።

የሚገኝበት ቦታ

ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጀምሮ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ድረስ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በኮራል ድንጋዮች መካከል ይኖራል። በጨዋማ ውሃ ብቻ ስለሚኖር በኢትዮጵያ ሐይቆችና ወንዞች አይገኝም፤ ወደ አገሪቱ የገባው በንግድ ነው።

በገንዘብነት

ዛጎል ትንሽ፣ ጠንካራና አስመስሎ ለመሥራት የሚያስቸግር በመሆኑ ለገንዘብነት ተስማሚ ነበር። በቻይንኛ ጽሕፈት ከገንዘብና ከንግድ ጋር የተያያዙ ብዙ ቃላት እስከ ዛሬ የዛጎልን ምልክት ይይዛሉ። ከማልዲቭስ ደሴቶች የተሰበሰበው ዛጎል ወደ ቤንጋል፣ በኋላም በአውሮፓ መርከቦች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተጭኖ፣ ሰዎች በባርነት ሲሸጡ ዋጋ ሆኖ ይከፈል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ከዛንዚባር የቅርብ ዘመዱን የሞኔታሪያ አኑሉስን ቅርፊት በገፍ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሲያስገቡ ዋጋው ወደቀ፤ ሀብቱን በዛጎል ያከማቸ ሁሉ ከሰረ። የጋና ገንዘብ «ሴዲ» ስሙን ያገኘው ከአካን ቋንቋ የዛጎል መጠሪያ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ በገንዘብነት ይበልጥ የታወቀው አሞሌ ጨው ነበር። ዛጎል በአንቀልባ፣ በቦረና የወተት ዕቃዎችና በሐመር ሴቶች የቆዳ ልብስ ላይ ይሰፋል። ክር እንዲያልፍበትና ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲቀመጥ ብዙ ጊዜ ጀርባው ተፈግፍጎ ይነሣል፤ ስለዚህ በጌጥ ላይ የሚታየው ስንጥቅ ያለበት ሆዱ ነው። ጠንቋዮችም ዛጎል በመጣል ዕድል ይናገራሉ።